የሉብና ሒሳብ

ሐይቅ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሒሳብ ደረሳት! ሂዱዬ፣ ሉብና ሒሳብ ደረሳት! እዚያ ጅማ ያለው ዩኒቨርሲቲዋ የዲፓርትመንት ምደባውን ለጥፎ፣ የኔ ልጅ ስሟ ማትማቲክስ ላይ ወጥቶ፣ እኔ እናቷ እዚህ የዓሣ መጥበሻዬ ፊት ቆሜ እልል ስል የዘይቱ ፍንጣቂ እጄን ሲያቃጥለኝ እንኳ አልታወቀኝም።

እንግዲህ ሰላምታውን አሁን ልጀምረው። አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ የጅማው ዝናብ እንዴት ናቸው? ሳልጠይቅሽ ዘልዬ በመግባቴ አፉ በይኝ። ስለ ጉልበቴ ለጠየቅሽኝ፣ ደህና ነው፤ አያ አሽቶልኝ ይኸው ቆሜ እውላለሁ።

ስልክ አትደውይም ወይ እንዳትዪኝ። ኔትወርኩ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ልጅቱ ራሷ "እማ፣ ሒሳብ ደረሰኝ" ብላ ሳትጨርስ ነው የተቆረጠው። ደግሞ እኔን ታውቂኛለሽ፣ ገና ሰላምታውን ሳልጨርስ ካርዱ ያልቃል። ጎረቤቴ ሙላት ከኮምቦልቻ ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ጅማ ሊሄድ ነው ሲሉኝ ወረቀት ገዛሁ። "አደርስልሻለሁ፤ ግን ከሲሚንቶው እንዳይከብድ አድርገሽ ጻፊ" አለኝ፣ ይሄ ቀልደኛ።

ለማን ያልነገርኩት አለ! ጀልባ ቀዛፊው አንዳርጋቸው ዓሣውን ሲያራግፍ ነገርኩት። "ሒሳብ? እሰይ! ባንክ ልትገባልሽ ነዋ! የባንክ ሥራ አስኪያጅ ያድርግልሽ!" አለኝ። እኔም "አሚን!" አልኩ። ሰው ሲመርቀኝ ከአሚን ሌላ ምን አውቃለሁ? የሐይቅ እስጢፋኖሱ ዲያቆን ማዕረግ ደግሞ ሒሳብ ስለው የሰማው የጾምና የበዓላት ቀመሩን ነው። "ባሕረ ሐሳብን ሴት ልጅ ልትቀምረው?" ብሎ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን መረቀኝ። ለሱም አሚን አልኩ።

አያም ነበር። ክንዱ የወለቀ ሰው ሊያሽ ከአምባሰል ውጫሌ ወርዶ፣ ከአንዳርጋቸው ጋር ስናወራ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። "ሒሳብ ነው ያልሽው?" አለኝ። "አዎ አያ፣ ሒሳብ!" አልኩት። ዝም አለ። ያቀረብኩለትን ቆሮሶ ዓሣ ሳይነካው ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ውጫሌ ተመለሰ። መቼም ደስታ አፍ ያሲዛል። ታላቅ ወንድማችን ነው፤ አባታችን ሲሞት እኛን ያሳደገ እሱ፣ የሉብና አባት ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህም የነገሯ ሁሉ ኃላፊ እሱ፤ ደስ ባይለው ነው የሚገርመኝ።

እሑድ ቤትሽ ስትመጣ አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ፊቷ ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ፤ እኔ በስልክ ድምፅዋን እንኳ አልጠገብኩም።

ልቧ ከአፏ የማይቀድመው እህትሽ፣
ዑምኩልሱም


ጅማ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዐለይኩሙ ሰላም እታለም፣

ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሙላት ደብዳቤሽን ሲያስረክበኝ "ይሄ ሚዛን ላይ ቢወጣ ከጭነት በላይ ተብዬ እቀጣ ነበር" አለኝ።

አፉ በይኝ፣ እኔ ካንቺ ቀድሜ አውቄ ነበር። የምሥራቹን ልጅሽ ራሷ ትንገርሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሌላም ዝም ያልኩት ነገር አለ። ስለ አያ የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ ግን መደበቁ አስፈራኝ።

ሒሳብ አልደረሳትም። መረጠችው። ውጤቷ ሕክምና ያስገባት ነበር፤ እሷ ግን ሒሳብን አንደኛ አድርጋ ሞላች። እዚህ ያሉ ልጆች ሒሳብ ሲደርሳቸው እንደ ሐዘንተኛ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ያንቺዋ መሐላቸው ቆማ ትስቃለች። "አብደሻል?" አልኳት። ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ፦ "አክስቴ፣ ሌላው ትምህርት ላይ ትክክል መሆኔን የሚነግረኝ መምህሩ ነው። ሒሳብ ላይ ግን ማንም ሳይነግረኝ ራሴ አውቀዋለሁ።" ፊቷን ጻፊልኝ ብለሽ አልነበር? ይህን ስትናገር የነበረው ፊቷ የሚጻፍ አይደለም።

አደራሽን "መረጠች" የሚለውን ቃል ለአያ እንዳትነግሪው። ደረሳት ካልሽው ከአላህ ነው ይላል። መረጠች ካልሽው "ማንን አማክራ?" ይላል።

ደግሞ ቆሮሶውን ሳይነካ ሄደ ያልሽው ደስታ አይመስለኝም። አያ ሲደሰት ይበላል። ምን እንደሰማ አጣሪ፤ ቶሎ ጻፊልኝ።

ሂዳያ


ሐይቅ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልክ ነበርሽ። ደስታ አልነበረም።

ሂዱዬ፣ ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው። አያ ባለፈው ጁምዓ ውጫሌ ላይ፣ ከሶላት የወጣው ሰው ገና ሳይበተን ቆሞ ተናገረ አሉ። "የኔ ቤት ልጅ የወለድ ጸሐፊ ልትሆን ነው። እሷን ያልመለስኩ እንደሆነ ከእንግዲህ ማንም የኔን ዱዓ አይጠይቀኝ" አለ። አላመንኩም። መጥበሻዬን ለጎረቤት ትቼ ሄድኩ።

ደጁ ላይ የአንዱን ቁርጭምጭሚት እያሸ አገኘሁት። ቀና ብሎም አላየኝ።

"ሒሳብ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ትምህርት ነው አያ።"

"ትምህርት መሆኑንማ መች አጣሁት። ምን ይቆጠርበታል?"

"ኧረ ብዙ ነገር!"

"ብዙ ነገር! ባንክ ቤት የሚቆጠረው ብዙ ነገር ምንድን ነው? ወለድ አይደለም? ሐራም አይደለም?"

"ባንክ ያለ ማነው?"

"ያ ቀዛፊ ‘የባንክ ሥራ አስኪያጅ ያድርግልሽ’ ሲልሽ ሐይቁን እስኪያሻግር ድረስ አሚን ያልሽ ማነሽ?"

"አሚንማ ለሁሉም ነው የምለው!"

"እንግዲያው ሸይጧን ቢመርቅሽም አሚን ልትዪ ነው።"

እግሩን የሚታሸው ሰውዬ ሳቁን ሲይዝ አሳመመው መሰለኝ ጮኸ። አያ አልሳቀም። "የቂያማ ለትም ሒሳብ አለ፣ ዑምኩልሱም" አለኝ ቀስ ብሎ። "የዚያን ለት አባቷን ስላጣች ልጅ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም። ለዐረፋ ቤቷ ትግባ። ካልመጣች እኔ ሄጄ አመጣታለሁ።"

መረጠች የምትለዋን ነገር ነግረሽዋል ወይ ብለሽ በሙላት አፍ ላስጠየቅሽኝ፦ አልነገርኩትም። ምላሴን ነክሼ ይዤዋለሁ። ልጄ ግን ይህን ሁሉ ታውቃለች? ታለቅሳለች? ትበላለች? አንድ ነገር እንዳትደብቂኝ።

ዑምኩልሱም


ጅማ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

አብሽሪ ልልሽ ፈልጌ ብዕሩን አነሳሁት፤ ግን የሚያስብል ነገር አላገኘሁም።

አልነግራትም ብዬ ነበር። እሑድ መጥታ ፊቴን አይታ "አጎቴ ምን አለ?" አለችኝ። ነገርኳት። አለቀሰች ወይ ላልሽው፣ አላለቀሰችም። እኔን ያስፈራኝ ይሄው ነው። ሳህኗን አጥባ፣ እጇን ጠርጋ፣ "እስከ ዐረፋ ዋዜማ መቀየር ይቻላል ብለውናል። ፋርማሲ ብቀይር ይተወኛል?" አለችኝ።

ምን ልበላት? እኔን አያ ከዘጠነኛ ክፍል አስወጥቶ ለጅማ ሰው ሲድረኝ "አያ ካለ" ብዬ ነው ሻንጣዬን ያነሳሁት። ባሌ ደግ ሰው ሆነልኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ክፉ ቢሆንም ኖሮ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ይህን ካንቺ በቀር ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ለሷም አልነገርኳት። "ገና ቀን አለ፣ አትቸኩዪ" ብቻ አልኳት።

እዚያው ያዢው። ባንክ እንዳልሆነ አስረጂው። አንቺ አሥራ ሁለተኛ ጨርሰሻል፣ ትችያለሽ። ብቻ እንዳይመጣ። እሷ ፊት ቆሞ "ተነሽ" ካላት ትነሳለች። አውቃታለሁ፣ እኔንም ስለማውቀኝ።

ሂዳያ


ሐይቅ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ መኪና አያንም ይዟል።

ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው፤ ሙላት ጎማ እያስነፋ ነው። አስረጂው አልሽኝ፤ አምባሰል ድረስ ወጥቼ አስረዳሁት። ያ ረቢ፣ ምነው እግሬን በሰበረው! "ባንክ አይደለም አያ፣ ስሌት ነው" አልኩት። "አሳዪኝ" አለኝ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የቀረችኝን ጠራርጌ በዱላ መሬቱ ላይ ጻፍኩለት።

"ይቺ ኤክስ ትባላለች። የማትታወቅ ነገር ናት።"

"የማይታወቀውን የሚያውቅ አላህ ነው።"

"አዎ፣ ግን እኛም እንፈልጋታለን።"

"አላህ ካወቃት ልጅቱ ምን ጥልቅ አደረጋት?"

ምን ትመልሺ ነበር? እኔ እልህ ያዘኝ። እልህ ሲይዘኝ ደግሞ አፌ የኔ አይደለም። "ጥልቅ ያደረጋትማ ወዳው ነው! ሐኪም መሆን ስትችል ትታ መርጣ የገባችበት ነው!" አልኩት። ካልኩት በኋላ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ምን ዋጋ አለው!

"መርጣ?" አለኝ። ዱላውን ከእጄ ወሰደው። "ማንን አማክራ?"

ቃል በቃል አንቺ ያልሽው። በማግስቱ ኩታውን ለብሶ እኔ ደጅ ወረደ። ለዐረፋ ይዣት እመለሳለሁ ብሏል። ሙላት ቦታ የለም እንዲለው በዓይኔ ለመንኩት፤ እሱ ግን "ሼህ ከጎኔ ካሉማ ትራፊክም አይዘኝ" ብሎ ጋቢና አስቀመጠው። ደብዳቤውን ከወንበሩ ሥር እሸጉጠዋለሁ፤ እንግዲህ አያ እላዩ ላይ ተቀምጦበት ነው ጅማ የሚደርሰው።

ከደረሰ በኋላ አትከራከሪው። መንገድ ያደክመዋል፣ መጀመሪያ ይረፍ። ልጄን ግን ብቻዋን እንዳትተያት። እኔ የምልሽ ጠፍቶኛል፤ እኔ የምለው ሲጠፋኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ዑምኩልሱም


ጅማ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ብቻዋን እንዳትተያት ብለሽኝ ነበር፤ አፉ በይኝ፣ ተውኳት። አያ "አንቺ ውጪ" አለኝ። ወጣሁ። መጋረጃው ጋ ግን ቆምኩ። የሰማሁትን እጽፍልሻለሁ፤ ያልሰማሁት ይበዛል።

መጀመሪያ ስለ ባንኩ ጠየቃት። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። "አጎቴ፣ እኛ ክፍል ገንዘብ አይቆጠርም። ቁጥሩም ቢሆን እየቀነሰ ነው፤ የሚበዛው ፊደል ነው።"

"ቁጥር ከሌለው ምኑን ሒሳብ ሆነ? እስቲ የምትማሪውን በስም በስሙ ጥሪልኝ።"

ካልኩለስ አለች። ሎጂክ አለች። አልጀብራ አለች።

"ምን አልሽ?"

"አልጀብራ።"

"አል-ጀብር?" አለ። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁት። "ይሄኮ የዐረብኛ ቃል ነው። የኔ ሙያ ነው! የተሰበረን መጠገን። ዐረቦቹ ወጌሻንም በዚሁ ነው የሚጠሩት። አብዱልጀባር የተባልኩበት ስሜም ከዚሁ ነው። ማነው ለፈረንጅ የሰጠው?"

"ሲጀመርም የሙስሊሞች ኪታብ ላይ ነው ስሙ የወጣው፣ አጎቴ። ፈረንጆቹ ከዚያ ነው የወሰዱት።"

ከዚያ የጠየቃት ጥያቄ ለበሽተኛ የሚጠይቀው ዓይነት ነው። "ታዲያ እዚያ የሚሰበረው ምንድን ነው?"

እሷም ድምፅዋ ተመለሰላት። "በዚህ በኩል ያለው ሦስት ጎድሎት ከዚያኛው ጋር እኩል ነው እንበል። የጎደለውን ሦስት እሞላለታለሁ። ያን ጊዜ ሚዛኑ ያዘነብላል። ስለዚህ በዚያኛው በኩልም ሦስት እጨምራለሁ።"

"አንዱን ብቻ ብትሞይስ?"

"ያነክሳል።"

"ያነክሳል!" አለ አያ። ጉልበቱን ሲመታ ሰማሁ። "ሁለቱን ሞልተሽ ስትጨርሺስ?"

"ያልታወቀው ነገር ብቻውን ይቀራል። ያን ጊዜ ይታያል።"

አለቀ፣ ተረታ ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ። አላለቀም። ድምፁን ቀይሮ "ማንን አማክረሽ ነው የመረጥሽው?" አላት። እታለም፣ እሷ ግን አልቸኮለችም። "ኢስቲኻራ ሰግጄ ነው" አለችው። "ሰው ሁለት ነገር ሲያምታታው አላህን ያማክራል ብለው ገና ልጅ ሳለሁ ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት። ሰገድኩ። ልቤ ወደዚህ ረጋ። ለአንቱ ሳልነግር መቅረቴ ጥፋት ነው፣ አፉ ይበሉኝ። መምረጤን ግን ጥፋት ነው ማለት አልቻልኩም።"

ከዚያ በኋላ ወጥቶ ውዱእ አደረገ፣ ሰገደ፣ እራቱን ትንሽ ቀመሰ፣ ተኛ። አዎ አላለ፣ አይሆንም አላለ። ነገ ጠዋት ሙላት ይነሳል። ይዟት ይሂድ ይተዋት አላወቅንም። ሉብና ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ ሥር አስቀምጣለች። "ተነሽ ካለኝ እነሳለሁ፣ አክስቴ። ፋርማሲ ግን አልቀይርም። ወይ ሒሳብ፣ ወይ ቤቴ" አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ ለሙላት አሁን እሰጠዋለሁ። መኪናው ሲደርስ ስንት ሰው እንደወረደ ካየሽ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። ጻፊልኝ። ረጅም አድርገሽ ጻፊልኝ።

ሂዳያ


ሐይቅ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንድ ሰው ነው የወረደው! አንድ!

ሉብናን ጠዋት ትቷት እንደወጣ አንቺም አይተሻል፤ እሱ ግን ለናንተም ምንም ሳይል ነው አሉ የተሳፈረው። እኔ ደግሞ በዐረፋ ዋዜማ አስፋልቱ ዳር ቆሜ፣ መኪናው ቆመ፣ አያ ወረደ፣ ከኋላው በሩ ተዘጋ። ልጄ ኮብልላ ይሆን፣ ታማ ይሆን፣ ክዷት ይሆን...

"ልጄስ?" አልኩት።

"ፈተና አለባት" አለኝ። በቃ። ኩታውን አራግፎ ወደ ውጫሌ የሚሄድ ሚኒባስ ያዘ።

እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ለዚህ ነው፣ ቂም አትያዢብኝ። ምን ብዬ ልጻፍ? ዐረፋ አለፈ፤ አያም ከውጫሌ አልወረደ። ሰው ይጠይቀኛል፤ አንዳርጋቸው "ምነው ባንኩ ቀረ እንዴ?" ይለኛል፤ ሌላው ውጫሌ የሰማውን ይዞ በጎን ያየኛል። እኔ ሴትዮዋ ደግሞ ዓሣዬን እገለብጣለሁ። ሙላት እንኳ "ጅማ ድረስ ሼሁን አስወራኋቸው፤ ከጅማ ሲመለሱ ግን ሲሚንቶው ይሻለኝ ነበር" አለኝ።

ትናንት ወረደ። ዓሣ አቀረብኩለት። ተቀምጦ በላ፤ አጥንቱን ለቅሞ ሌላ ጨምሪ አለኝ። አያ ሲደሰት ይበላል ያልሽኝ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

"ሰው ጥሪ" አለኝ እጁን እየታጠበ።

"ለምን?"

"ለዱዓ ነዋ።"

"ለማን?"

"ለልጅቱ። ለኔ መሰለሽ?"

"ታዲያ እዚሁ አድርግላት አያ፣ አላህ ይሰማል፤ እኔም አለሁ።"

ተቆጣ። "ውጫሌ ላይ ክፉውን በአደባባይ ተናግሬ ደጉን ዓሣ መጥበሻ ሥር እንድናገር ነው? ያን ለት የሰማኝ ሰው ሁሉ ይምጣ። ያልሰማውም ይምጣ፣ አንዱ ነግሮት ይሆናል። ስቼ እንደነበር ቆሜ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ እንመርቃታለን።"

"ትምህርቷ ገባህ ማለት ነው?" አልኩት።

"ምንም አልገባኝም" አለ። "እሷ እንደገባት ግን ገባኝ።"

ሂዱዬ፣ እዚያው አልቅሼ ዘይቱን አቃጠልኩት።

እንግዲህ ስሚኝ። ሁለት ሙክት ተይዟል፤ አንዱ በሙስሊም እጅ፣ አንዱ በክርስቲያን እጅ ይታረዳል። ጎረቤቶቼ የሰኔን ጾም ላይ ናቸው፤ ሐምሌ አምስት ካልፈቱ ማን ሥጋ ሊበላልኝ ነው? ስለዚህ ቀኑን ከዚያ ወዲያ አድርጌዋለሁ። አንዳርጋቸው በጀልባው ከማዶ ያሉትን ያመጣል። ዲያቆን ማዕረግ ተጠርቷል፤ እንዳይቀር አስምዬዋለሁ። ከውጫሌ የሚመጣውን አያ ራሱ ይዞ ይወርዳል። ሙላት ሉብናን ትምህርቷ እንደተዘጋ ይጭናታል፤ ከጎኗ ሁለት ቦታ ይዟል፣ አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የባለቤትሽ ነው።

አትችይም እንዳትዪኝ። ልጆቹን፣ ቤቱን፣ መንገዱን እንዳትቆጥሪብኝ። አያ ነው በስምሽ የጠራሽ። ሊሄድ ከተነሳ በኋላ ከበሩ ተመልሶ፣ "ሂዳያ ትምጣ" አለኝ። "ለሷም ለብቻዋ የምለው አለኝ። ከጅማ ሳልለው ተመለስኩ።" ምን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠይቅ ዝም አልኩ።

ስለዚህ ባለቤትሽን፣ ልጆችሽን፣ ጎረቤትሽንም ጭምር ይዘሽ ነይ። ቀኑ እሑድ ሐምሌ 13 ነው፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ እዚሁ ሐይቅ፣ እኔ ደጅ። አንድ ሰው እንዳይቀር!